የጥቂቶች ጨዋታ በሶማሌ ተራ

መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ሶማሌ ተራ ሲባል የሚታየው ነገር ግልጽ ነው፤ የተደረደረ ኩሽኔታ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ ማርሚታ፣ ዘይት የጠጣ ካምቢዮ፣ ከየትኛው መኪና እንደተነቀለ ባለሱቁ ብቻ የሚያውቀው ኮፈን። ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ እያልን የምንጠራቸው ዕቃዎች ስማቸውን ያገኙት ከጣሊያንኛ ነው። መርካቶም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ፋሺስቶቹ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ። እንግዲህ የጣሊያንኛ ስም ያለውና ስለ ሞተርና ስለ ማርሽ የሚያወራ አንድ የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ወደዚህ ሰፈር ሲመጣ ባይተዋር መሆን አልነበረበትም። ሆኖም ባይተዋር ሆነ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጨዋታና ስለ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለጥቂቶች ተብሎ የተሠራ ጨዋታ ብዙኃኑን ሊማርክ ይችላልን?

በ1998 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ በአንድ ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። በቆርቆሮ የተከለለች፣ መስኮት የሌላት፣ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት አግዳሚ ወንበር የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ሕጓ አጭር ነበር፤ ሂሳብ በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። የምንጫወተው እግር ኳስ ነው። ባለቤቱ «ግራን ቱሪዝሞ 3» የሚባለውም ዲስክ ነበረው፤ ግን አቧራ ለብሶ ይውል ነበር። ልጆቹ «እሱ ፈተና ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው ግራን ቱሪዝሞ በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ነው። መሪው ካዙኖሪ ያማውቺ የመኪና ፍቅር ያናወዘው ሰው ሲሆን፣ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር አምስት ዓመት ያህል ደክሞበታል። ተጫዋቹ ዋናውን ውድድር ከመጀመሩ በፊት መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በተሰመረለት ቦታ ፍሬን ይዞ መቆምን፣ ኩርባ በልኩ መዞርን ይፈተናል። ከዚያ በእጁ ባለችው ጥቂት ገንዘብ ያገለገለ መኪና ይገዛል፤ ተወዳድሮ ባገኘው ሽልማት ጭስ ማውጫ ይቀይራል፣ ሞላ ያስተካክላል፣ ማርሽ ይመርጣል። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከመኪና ሱሰኛ በቀር ማን ይችለዋል? ያም ሆኖ ጨዋታው ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ላይ የእሱን ያህል የተሸጠ ሌላ ጨዋታ የለም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሶኒ የተከታታዩ ጠቅላላ ሽያጭ 90 ሚሊዮን ማለፉን አስታወቀ።

ምሥጢሩ ምን ነበር? እኔ እንደማምነው ቤቱ ሁለት በር ስለነበረው ነው። በአንዱ በር የገባ ሰው መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ መኪና መርጦ፣ ከጓደኛው ጋር ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ወዲያው ይሮጣል። በሌላው በር የገባ ደግሞ እስከ ማርሹ ጥርስ ድረስ ይወርዳል። ሶማሌ ተራም እንዲሁ ነው። አንዱ ደንበኛ የኩሽኔታውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ ሌላው «መኪናዬ ይጮኻል» ብሎ ብቻ ይመጣል። ጎበዝ ነጋዴ ሁለቱንም ያስተናግዳል። ለሁለተኛው ብሎ ግን የመጀመሪያው የሚፈልገውን ዕቃ ከመደርደሪያው አያወርድም።

ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ልመለስ። ከመለዋወጫ ሱቆቹ በአንዱ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ በዕድሜ ከእኛ ጥቂት የሚበልጥ ልጅ ነበር። እግር ኳሱን አይችልም፤ ሁልጊዜ ከፍሎ የሚነሳው እሱ ነው። አንድ ቀን ያን አቧራ የለበሰ ዲስክ አስከፈተ። ከዚያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ መኪና መካከል የመረጠው በመንገድ የምናውቃትን ቪትዝ ነበር። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን ሳቃችንን ከቁብ ሳይቆጥር በየቀኑ ምሳ ሰዓቱን እየቆጠበ፣ ሽልማቱን እያጠራቀመ፣ ዕቃ እየገዛላት ቆየ።

በአንዱ ቀን አሠሪው ሊጠራው መጣ። «አንተ! ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ!» ብለው በር ላይ ከቆሙ በኋላ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። ትንሽ ዝም አሉና «ማርሹን አስረዝመኸዋል፤ ለዚህ እኮ ነው ከኩርባ ስትወጣ የምትሞትብህ» አሉት። ልጁ ማስተካከያውን ከፍቶ ማርሹን አሳጠረው። ቪትዟ ከኩርባው እንደ ፌንጣ ተስፈንጥራ ወጣች። እኛ ጮኽን፤ ጋሼም ደንበኛቸውን ረሱ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አግዳሚው መልኩ ተለወጠ። ቅባት በእጃቸው ያለ ሰዎች ለምሳ ሲወጡ ብቅ ይሉ ጀመር። ስለ ካምቢዮና ስለ ሞላ የሚያውቁት፣ በሱቅ ውስጥ እንጀራ ብቻ የነበረው ዕውቀት፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ክብር ሆነ። እኛም «ዊሊ ድራይቭ» ምን እንደሆነ፣ መኪና ለምን ከኋላ እንደሚንሸራተት የተማርነው በዚያ ሰሞን ነው።

ግን አልዘለቀም። ያን ጊዜ የተጫወትከው የሚቀመጠው በሜሞሪ ካርድ ላይ ነበር፤ ካርዱ ደግሞ ለቤቱ አንድ ብቻ ነበረ። አንድ ቀን የእግር ኳስ ውድድር ለማስቀመጥ ቦታ ሲጠፋ አንዱ ልጅ የመኪናውን አጠፋው። የስንት ሳምንት ድካም በአንድ ቁልፍ ሄደ። ልጁ አልተጣላም፤ አንድ ካርድ ስንት እንደሆነ ባለቤቱን ጠየቀ፣ ዋጋውን ሰማ፣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለመጫወት ሲመጣ አላየሁትም።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በዚያ ቁልፍ ላይ አላክክ ነበር። ዛሬ ግን ሰዓቱ ነው እላለሁ። በጨዋታ በሚከፈልበት ቤት የሚያዋጣው በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ ሁለት ሰው የሚያቀማጥል፣ ተሸናፊውን ቶሎ የሚያስነሳ ጨዋታ ነው። እግር ኳስ ለዚህ ተፈጥሯል፤ ሕጉንም ቀድሞ የማያውቅ የለም። ሳምንታት የሚፈልግ ጨዋታ የቱን ያህል ቢጥም ወንበሩን ይይዛል እንጂ ወንበሩን አይከፍልም። እንግዲህ «ብዙኃኑ አልወደደውም» ከማለታችን በፊት ብዙኃኑ ለመቅመስ ጊዜና ቦታ ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን የሚያጠናክሩ ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሆነዋል። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ2001 ዓ.ም. «ዲመንስ ሶልስ» ጀምሮ በጭካኔያቸው የታወቁ፣ ተጫዋቹን ደጋግመው የሚገድሉ ጨዋታዎች ሲሠራ የኖረ ነው። በዚያ ወር «ኤልደን ሪንግ»ን አወጣ። ጭካኔው አልቀነሰም፤ ግን ሰፊ ሜዳ ዘረጋ። አንዱ ጠላት የከበደው ሰው ትቶት ሌላ አቅጣጫ ሄዶ፣ ጎልብቶ መመለስ ይችላል። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ 12 ሚሊዮን ቅጂ ወጣለት። ከሳምንት በኋላ የወጣው «ግራን ቱሪዝሞ 7» ግን አብዛኛው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ሆነ። በመጋቢት ወር አገልግሎቱ ከ30 ሰዓት በላይ ሲቋረጥ፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው የራሱን መኪና ከጋራዡ ማውጣት አቃተው። አንዱ በር ጨመረ፤ ሌላው በነበረው በር ላይ ቁልፍ ሰቀለ።

ለጥያቄዬ መልሴ እንግዲህ አዎ ነው። የጥቂቶች ጨዋታ ብዙኃኑን ሊማርክ ይችላል፤ ያውም ሳይቀልና ሳይሟሽሽ። ጋሼን በር ላይ ያስቆማቸው የማርሹ ነገር እኮ ነው፤ ጨዋታው ማርሹን ለእኛ ብሎ አውጥቶ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ደንበኛቸው ዘንድ ይመለሱ ነበር። የሚያስፈልገው ሁለተኛ በርና፣ ከበሩ ውስጥ ሳይከፍሉ ቁጭ ብለው የሚያዩበት አግዳሚ ነው። በሩን የሚሠራው ጨዋታውን የሚሠራው ሰው ነው። አግዳሚው ግን የእኛ ነበር፤ በካርዱም ላይ ለአንዲት ቪትዝ የሚበቃ ቦታ መተው አያቅተንም ነበር።