ሸፋኝ ኅብረ ሕዋስ (ኤፒቴልየም)

የሽንት ምርመራ ውጤት አንብቦ የሚያውቅ ሰው «ኤፒቴልያል ሴል» የሚል መስመር ሳያይ አልቀረም። ጥቂት ከታየ አያስደነግጥም፤ ሽንት በሚወርድበት መንገድ ካለው ሽፋን የረገፉ አሮጌ ሕዋሶች ናቸው። ስያሜውን ከግሪክ ቃላት ያበጀው የኔዘርላንዱ የአካል ጥናት ሊቅ ፍሬደሪክ ራይሽ ነው። በአማርኛ ቃል በቃል ብንመልሰው «ከጡት ጫፍ በላይ» ሊሆንብን ነው። ስለዚህ ሥራውን ተከትለን «ሸፋኝ ኅብረ ሕዋስ» እንበለው።

ቆዳችንን፣ የአፋችንን፣ የአንጀታችንንና የፊኛችንን ውስጠኛ ገጽ የሚያለብሰው እሱ ነው። ሕዋሶቹ ክፍተት ሳይተዉ ተጠጋግተው በስስ ንጣፍ ላይ ይቆማሉ። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግብና ኦክስጅን ከሥሩ ካለው ኅብረ ሕዋስ እየሰረገ ይደርሰዋል። ቆዳችን በስሱ ሲጫር ደም የማይወጣውም ለዚህ ነው።

ዓይነቱ የሚለየው በሕዋሶቹ ቅርጽና በረድፋቸው ብዛት ነው፤ ሁለቱንም የሚወስነው የቦታው ሥራ ነው። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ሕዋስ ብቻ አለ፤ ኦክስጅን ወደ ደም በቀላሉ ማለፍ አለበትና። ፍትጊያ በሚበዛበት በአፍና በጉሮሮ ግን ጠፍጣፋዎቹ በብዙ ረድፍ ይደራረባሉ፤ የላይኞቹ ሲረግፉ የታችኞቹ ይተካሉ። በኩላሊት ቱቦዎች ኩብ መሰሎቹ ውሃና ጨው ወደ ደም ይመልሳሉ። በትንሹ አንጀት ዓምድ መሰሎቹ ምግብ ይመጥጣሉ፤ በየ3 እስከ 5 ቀኑም በአዲስ ይተካሉ። የፊኛው ደግሞ ሽንት ሲሞላ እየተለጠጠ ይሳሳል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው ሁለት ዓይነት የሚገናኙበት ድንበር ነው። የማህፀን በር ውጫዊ ገጽ ባለ ብዙ ረድፍ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የውስጠኛው ቦይ ግን ንፍጥ የሚያመነጭ አንድ ረድፍ ዓምድ መሰል ነው። ከጉርምስና ጀምሮ በድንበሩ ላይ ያለው ዓምድ መሰል ሽፋን የብልትን አሲድ ስለሚጋፈጥ ቀስ በቀስ በጠፍጣፋ ይተካል። ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ አብዝቶ የሚያጠቃው ይህንኑ በለውጥ ላይ ያለ ስፍራ ነው፤ አብዛኛው የማህፀን በር ካንሰርም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

በአገራችን ጤና ተቋማት የሚሰጠው ቀላል ምርመራ የሚያተኩረው እዚሁ ድንበር ላይ ነው። ባለሙያዋ በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ በውሃ አቅጥና ትቀባለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤናማው ሽፋን እንደነበረ ሲቆይ፣ የተለወጠው ይነጣል። የነጣው ስፍራ ትንሽ ከሆነና የካንሰር ምልክት ካልታየበት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል፤ በምትኩ ጤናማ ሽፋን ይበቅላል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ደግሞ ቫይረሱ ገና ከመነሻው እዚያ እንዳይሰፍር ይከላከላል።