የአሜሪካ የጤና መድን ሕግ ዜና

ይህ በአሜሪካ ስለ ጤና መድን ሕግ በሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ በዴሞክራቶችና በሪፐብሊካኖች መካከል የተደረገው ረጅም ክርክር ዜና ነው፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል። የጤና መድን ማለት ሰው በጤናው ሳለ አረቦን የሚባለውን ገንዘብ በየወሩ እየከፈለ፣ በታመመ ጊዜ የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ዋጋ መድን ሰጪው የሚከፍልለት ውል ነው። በሌሎች ባለጸጋ አገሮች ይህ ውል ለሕዝቡ ሁሉ በሕግ ሲጸና፣ በአሜሪካ ግን ከአሠሪ ጋር ታስሮ ቀረ። ምክንያቱም በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ስለ ገደበ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለማግኘት በደመወዝ ፈንታ የጤና መድን መስጠት ጀመሩ፤ ይህም መድን ከግብር ነጻ መሆኑ በ1954 በሕግ ተደነገገ። ስለዚህ ጥሩ ሥራ ያለው መድን ሲያገኝ፣ ያረጀው፣ የደኸየው፣ ሥራ የፈታውና በግሉ የሚሠራው ከደጅ ቀረ።

ኖቬምበር 19 ቀን 1945 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን፣ ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ሳለ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ የመንግሥት መድን እንዲታቀፍ የሚጠይቅ መልእክት ለኮንግረስ፣ ማለትም የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት ለሚባሉት ሁለት ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ላኩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በብርቱ ተቃወመ፤ ትሩማን በ1948 ምርጫውን ባሸነፉ ጊዜ እያንዳንዱ አባል 25 ዶላር እንዲያዋጣ ወስኖ፣ በካሊፎርኒያ በምርጫ ቅስቀሳ ሥራ የታወቁትን ባልና ሚስት፣ ክሌም ዊታከርንና ሊዮን ባክስተርን ቀጠረ። እነርሱም እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉክ ፊልደስ በ1891 የሣለውን፣ ሐኪም በታመመ ሕፃን አጠገብ ተቀምጦ አገጩን በእጁ ደግፎ ሲተክዝ የሚያሳየውን ሥዕል አባዝተው፣ በዚህ ሥዕል ውስጥ ፖለቲካ አይግባ የሚል ቃል አክለውበት፣ በየሐኪሙ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አደረጉ። የትሩማንንም ሐሳብ የሶሻሊስት ሕክምና ብለው ሰየሙት፤ ይህ ስም በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት መባቻ እንደ ክስ የሚቆጠር ነበር። ከትሩማን ወገን የነበሩት ብዙ የደቡብ ዴሞክራቶችም ስላልደገፉት ነገሩ ለድምፅ ሳይቀርብ ወደቀ። በዚያን ዘመን የነበረው መለያየት ገና ፓርቲን ከፓርቲ ሙሉ በሙሉ የሚለይ አልነበረም።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ነገሩን አነሡት። የተወካዮች ምክር ቤት የግብር ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የአርካንሶው ዊልበር ሚልስ ብልህ ሰው ነበሩና፣ ዴሞክራቶች ያቀረቡትን የሆስፒታል መድን፣ ሪፐብሊካኑ ጆን በርንስ ያቀረቡትን በፈቃድ የሚገባ የሐኪም ክፍያ መድንና ለድኾች የታሰበውን እርዳታ በአንድ ሕግ አዋሐዱ። ከዚህም ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የሚሆነው ሜዲኬርና የፌዴራሉ መንግሥት ከየግዛቶቹ ጋር እየተጋራ ለድኾች የሚከፍልበት ሜዲኬይድ ተወለዱ። በተወካዮች ምክር ቤት 307 ለ116፣ በሴኔት 70 ለ24 ሆኖ ሲጸድቅ፣ ከተወካዮቹ 70፣ ከሴናተሮቹም 13 ሪፐብሊካኖች ደግፈውት ነበር። ጆንሰንም ጁላይ 30 ቀን ትሩማን ወደሚኖሩባት ወደ ኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ ሚዙሪ፣ ሄደው በሽማግሌው ፊት ፈረሙ፤ የመጀመሪያውንም የሜዲኬር ካርድ ለእርሳቸው፣ ሁለተኛውን ለባለቤታቸው ሰጡ። ትሩማን ያን ጊዜ የ81 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሕጉ በ1966 ሥራ ሲጀምር፣ ጥቁርና ነጭ በሽተኞችን ለይቶ የሚያስተኛ ሆስፒታል ከሜዲኬር ገንዘብ እንደማያገኝ ስለ ታወጀ፣ ለብዙ ዘመን በዘር ተከፍለው የኖሩ የደቡብ ሆስፒታሎች በጥቂት ወራት ውስጥ ክፍሎቻቸውን አዋሐዱ። ይህ ከሕጉ ፍሬዎች ሁሉ ትልቁ ሊባል የሚገባው ሲሆን፣ በብዙ ጽሑፍ ሳይነሣ መታለፉ ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1974 አሠሪዎችን ሁሉ መድን እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ነገር ግን ዋተርጌት በተባለው የፖለቲካ ቅሌት ሥልጣናቸውን ለቀቁና ሐሳቡ ተቀበረ። በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ጉዳዩን ለባለቤታቸው ለሂላሪ ክሊንተን አደራ ሰጥተው ከ1,300 ገጽ የሚበልጥ ረቂቅ አወጡ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የሪፐብሊካኖች መካሪ ዊልያም ክሪስቶል ለፓርቲያቸው መሪዎች ማስታወሻ ጽፈው፣ ረቂቁ እንዲሻሻል መደራደር ሳይሆን ጨርሶ እንዲወድቅ መታገል ይገባል አሉ፤ ሕጉ ቢሳካ መካከለኛው ሕዝብ ዴሞክራቶችን እንደ ጠባቂው ይቆጥራቸዋልና። እውነተኛው ክፍፍል የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ የበሽተኛው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ የሚመዘነው በምርጫ ትርፍና ኪሳራ ሆኗልና። ረቂቁ በ1994 ሞተ፤ በኖቬምበርም ሪፐብሊካኖች ከአርባ ዓመት በኋላ የተወካዮችን ምክር ቤት ያዙ።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ መድን እንዲገዛ በሕግ የማስገደድ ሐሳብ በ1989 የወጣው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ከተባለው የወግ አጥባቂዎች ተቋም ነበር፤ በ2006ም የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ይህንኑ በግዛታቸው ሕግ አድርገው ሲፈርሙ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለዚህ ጉዳይ የታገሉት ዴሞክራቱ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በ2009 ያንኑ መንገድ ለአገሪቱ ሁሉ በመረጡ ጊዜ ግን፣ ሐሳቡን ያፈለቀው ወገን ካደው። ኬኔዲ ኦገስት 25 ቀን በአንጎል ካንሰር አረፉ። በሴፕቴምበር 9 ኦባማ በኮንግረስ ፊት ሲናገሩ የደቡብ ካሮላይናው ተወካይ ጆ ዊልሰን «ትዋሻለህ!» ብለው ጮኹባቸው። የሜይን ሴናተር ኦሊምፒያ ስኖው በኮሚቴ ረቂቁን የደገፉ ብቸኛ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ በዲሴምበር 24 ግን እርሳቸውም ተቃወሙ፤ ሴኔቱም 60 ለ39 አጸደቀ። በመጨረሻ በማርች 21 ቀን 2010 ተወካዮቹ 219 ለ212 ሲያጸድቁት ከሪፐብሊካኖች አንድ እጅ አልወጣም፤ ከዴሞክራቶችም 34 ተቃወሙ። ከሁለት ቀን በኋላ የተፈረመው ይህ ሕግ፣ ሕዝቡ ኦባማኬር የሚለው፣ መድን ሰጪ ድርጅት አስቀድሞ የታመመን ሰው እንዳይመልስ ከለከለ፤ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው መድን እንዲቆዩ ፈቀደ፤ ገቢው ዝቅ ላለው ሰው የአረቦን ድጎማ ሰጠ፤ ሜዲኬይድንም አሰፋ።

በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ጆን ሮበርትስ ብይን 5 ለ4 ሕጉን ቢያጸናም፣ ሜዲኬይድን ማስፋት በየግዛቱ ፈቃድ እንዲሆን ፈረደ። ከዚህ የተነሣ የድኻ ሰው ዕድል በሚኖርበት ግዛት ወሰን ተቆረጠ። ይህም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተንን አካባቢ ነካ፤ የሜሪላንድ ነዋሪ ከ2014 ጀምሮ በተስፋፋው ሜዲኬይድ ሲታቀፍ፣ ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወንድሙ ግን ገቢው እኩል ሆኖ ሳለ እስከ ጃንዋሪ 2019 ጠበቀ።

በ2017 ሪፐብሊካኖች ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕን ይዘው ሁለቱንም ምክር ቤቶች በተቆጣጠሩ ጊዜ ሕጉን ለመሻር ተነሡ። በጁላይ 28 ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሴኔቱ ለድምፅ ተሰበሰበ፤ ድምፁ እኩል ቢሆን ለመወሰን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ማይክ ፔንስ በአዳራሹ ነበሩ። የአሪዞናው ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ማኬይን፣ በ2008 በፕሬዚዳንት ምርጫ በኦባማ የተሸነፉት፣ በ2009ም ይህንኑ ሕግ የተቃወሙት፣ የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው በታወቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሴኔቱ ተመልሰው፣ ሕግ በሁለቱ ወገኖች ምክር በይፋ ይሠራ ብለው ለምነው ነበር። በዚያች ሌሊት ወደ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ቀርበው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና አውራ ጣታቸውን ወደ መሬት ዘቀዘቁ። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሚች ማኮኔል እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያዩ ነበር፤ የዴሞክራቶቹ መሪ ቸክ ሹመር ደግሞ ሊያጨበጭቡ የጀመሩትን የራሳቸውን ሰዎች በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙ። ከማኬይን ጋር ሪፐብሊካኖቹ ሴናተሮች ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ ስለ ተቃወሙ ሽረቱ 49 ለ51 ወደቀ። ማኬይንም በኦገስት 25 ቀን 2018፣ ኬኔዲ በሞቱበት ዕለት፣ በዚያው በሽታ አረፉ።

ሕጉ ጸንቶ ቢቆይም አንድ ወገን ብቻውን ስለ ሠራው ዕረፍት አላገኘም፤ ሜዲኬርን ከዚህ ሁሉ የጠበቀው በ1965 የሁለቱም ፓርቲዎች እጅ ስላለበት ነው። ዛሬም 10 ግዛቶች ሜዲኬይድን አላሰፉም፤ ከእነርሱም አንዷ ቴክሳስ መድን የሌለው ሰው በአገሪቱ እጅግ የሚበዛባት ናት። በ2021 የተጨመረው የአረቦን ድጎማ በ2025 መጨረሻ ጊዜው ሊያበቃ ሲል በእርሱ ላይ በተነሣው ክርክር የፌዴራሉ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ 43 ቀን ተዘጋ፤ በኖቬምበር 12 ሲከፈትም የድጎማው ነገር ሳይወሰን ቀረ።