አንድ ሊጥ፣ ሦስት ስም

ሞያሌ ላይ ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው የትኩስ ዘይት ሽታ ነው። በእኛ በኩል ሴቶች ቦንቦሊኖ ይጠብሳሉ። ወደ ኬንያ ሲሻገሩ ያው ሊጥ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጥና ማንዳዚ ይባላል። በሁለቱም በኩል ያሉት የሶማሌ እህቶቻችን ደግሞ ቡር ይሉታል። ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾ፣ ዘይት፤ ልዩነቱ ቅርጹና ሄል መግባት አለመግባቱ ብቻ ነው። ሦስቱንም ከሻይ ጋር ቀምሰን ነው ጆንያችንን የምናነሳው።

አንድ ቀን ልጆቻችን ጠየቁን። «ማንዳዚ የማን ነው? የእኛ ነው የእነሱ?» መልስ አጣን። ከመካከላችን ኮሜርስ ተምረን በዲፕሎማ የተመረቅን አለን። ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስገባው፣ በስንት እንደገባ መመዝገብ ሥራችን ነው። የቤታችንን መሶብ ግን እንደ ሒሳብ ደብተር ገልጠን አይተነው አናውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ ለልጆቻችን ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ከስንቅ እንጀምር

ከመኪናና ከባቡር በፊት የእኛን ሥራ የሚሠሩት ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። ጨው፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭነው በበቅሎና በአህያ፣ በቆላው ደግሞ በግመል፣ ለሳምንታትና ለወራት ይጓዙ ነበር። ታሪክ የነጋድራሶቹን ስም ጽፎልናል። ስንቁን ያዘጋጁትን ሴቶች ግን ማንም አልመዘገባቸውም። ያለ በሶ፣ ያለ ጭኮ፣ ያለ ድርቆሽና ያለ ዳቦ ቆሎ አንድም ሲራራ ከሰፈሩ ርቆ አይሄድም ነበር።

እነዚህን ምግቦች አንድ የሚያደርጋቸው ቶሎ አለመበላሸታቸው ነው። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ውሃ የሚነካው ሊበላ ሲል ነው። ጭኮ በቅቤ ይለወሳል። ድርቆሽ የደረቀ እንጀራ ነው። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ጠንከር ብሎ የታሸ ሊጥ በጣት ይድቦለቦላል፣ በቢላ ይከተፋል፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ ምጣድ ላይ ይቆላል። ሻጋታ እርጥበት እንደሚወድ እናቶቻችን ከትምህርት ቤት አልሰሙም። ቢሆንም ለአንድ ወር መንገድ የሚበቃ ምግብ መሥራት ያውቁ ነበር። እኛም ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ አውቶቡስ ስንሳፈር ቦርሳችን ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አይጠፋም። በቦረና ቤት ስንገባ ደግሞ ቡና ቀላ ይቀርብልናል፤ ቡናው በቅቤ ተጠብሶ የሚበላበት የእንግዳ ክብር ነው።

የበዓሉ ዳቦ ሌላ ነው። ድፎ ዳቦ የምድጃ ዕዳ የለበትም። ሊጡ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ምጣድ ላይ ይጣላል፣ ይከደናል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ከታችም ከላይም እሳት ነው። ኬላ ላይ በሁለት በኩል ሲፈትሹን «ዛሬስ እንደ ዳቦ ሆንን» የምንባባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ነሐሴ 13 ለቡሄ ሙልሙል ይጋገራል፤ ሆያ ሆዬ ብለው የመጡ ልጆች ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። በትግራይና በኤርትራ ሕምባሻው እንደ መንኮራኩር ተሸንሽኖ ይቀርባል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ድንበሩን ሲዘጋ የዚያ አካባቢ ንግድ ተቋረጠ፤ ሕምባሻው ግን በሁለቱም በኩል በአንድ ዓይነት እጅ መሸንሸኑን አላቆመም።

ባቡሩ ያመጣው

ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1917 ቆይቷል። ድሬዳዋ የባቡሩ ልጅ ናት። ከባቡሩ ጋር የየመን ዐረቦች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮችና አርመኖች መጡ፤ ሱቅ ከፈቱ፣ ጎረቤት ሆኑ፣ በየቤቱ ሽታ ተለዋወጡ። ድሬዳዋ ሄዶ ሙሸበክ ሳይዝ የሚመለስ ነጋዴ ዘመዶቹ ይቀየሙታል። ስሙ በዐረብኛ እንደ መረብ የተጠላለፈ ማለት ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲጠመዘዝ ያየ ሰው ስሙን አይጠይቅም።

ሳምቡሳም የሩቅ መንገደኛ ነው። ስሙ ከፋርስ ተነስቶ በዐረቡ ዓለም በኩል እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ሕንድ ሲደርስ ሳሞሳ ሆኗል። እኛ ቤት ግን ሁለት ሥራ ይዟል። ረመዳን ላይ ጎረቤቶቻችን ሥጋ ሞልተው ለማፍጠሪያ ይጠብሱታል። በዐቢይ ጾም ደግሞ እኛ ምስር ሞልተን ለጾም እናቀርበዋለን። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ድስት ለሁለት እምነት ሲያገለግል ያየነው በሳምቡሳ ነው።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ መራራ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ በኤርትራም ከዚያ በፊት በቆየባቸው ብዙ ዓመታት፣ ቃላቱ ወደ ማጀታችን ገቡ። ፉርኖ በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው፤ እኛ ዛሬ ነጩን ዱቄት «ፉርኖ ዱቄት» እንለዋለን። ቦንቦሊኖም፣ ፓስቲም ከዚያው ናቸው። የመጡት በመርዝ ጋዝና በቦምብ ነው፤ ይህ አይረሳም። እናቶቻችን ከሄዱት ሰዎች ምድጃውን አስቀርተው ለልጆቻቸው መክሰስ ጠበሱበት። ምግቡን መውደዳችን ወራሪውን ይቅር የማለት ጉዳይ አይደለም። በእጃችን ያለፈ ሊጥ የእኛ ሆነ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን ስኳር ራሱ የውጭ ዕቃ ነበር፤ በብዙ ቤት ጣፋጭ ማለት ማር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው ስኳር በአገር ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ መመረት የያዘው። የቤት ውስጥ ኬክና ብስኩት ወደ ተራው ሰው ቤት መግባት የጀመረውም ስኳርና ፉርኖ ዱቄት በአንድ ሱቅ መገኘት ሲችሉ ነው።

ከደቡብ የመጣው

እኛ ግን የምንሠራው በደቡቡ በር ስለሆነ ሌላ ባቡር አለብን። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ሐይቁ ዳር የደረሱት በ1901። ለሥራው 32 ሺህ ያህል ሠራተኞች ከሕንድ ተጭነው መጡ። ብዙዎቹ ተመለሱ፣ ብዙዎቹም ሞቱ፣ ጥቂት ሺዎች ቀሩ። በሐዲዱ ዳርና ዳር የሕንድ ነጋዴዎች ሱቅ ተከፈተ፤ ከሱቁ ጋርም ቻፓቲ ገባ። በብዙ የኬንያ ቤት ቻፓቲ ለረጅም ጊዜ የገና ምግብ፣ የእንግዳ ምግብ ነበር። አሁን የዕለት ምግብ ሆኗል። ሞያሌም ከሻይ ጋር ተጠቅልሎ ይሸጣል።

ማንዳዚ ደግሞ የስዋሂሊ የባሕር ዳርቻ ልጅ ነው። ኮኮናትም ሄልም ያለበት አገር ነው። በስዋሂሊ ሄል ኢሊኪ ይባላል፣ በሶማሌ ሄይል። ስኳር በስዋሂሊ ሱካሪ፣ በሶማሌ ሶንኮር ነው። ሦስቱን ስም ደጋግማችሁ በሉት፤ አንድ ዕቃ በአንድ ውቅያኖስ ላይ በጀልባ ሲዞር፣ በየወደቡ ትንሽ ትንሽ ስሙ ሲቀየር ይሰማችኋል። እኛ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ የራሳችንን ኮረሪማ ስንልክ ኖረናል።

ኬላው የተዘጋ ጊዜ

ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያደረገን መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሩ ለሰው ተዘጋ። የጭነት መኪና ያልፋል፤ በእግሯ የምትሻገር፣ በጀርባዋ የምትሸከም ሴት ግን አታልፍም። ግማሾቻችን ወዲያ ማዶ ዕቃ ነበረን፤ ግማሾቻችን ዱቤ ነበረን። ከእኛ ጋር ስምንት ዓመት የሠራች አንዲት ማማ የሕፃናት ልብስና የላስቲክ ዕቃ ገንዘባችንን ከፍለን መጋዘኗ ውስጥ ትተንባት ነበር። ወረቀት የለንም፤ ውላችን ቃል ብቻ ነበር።

ቤታችን ተቀመጥን። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ ቀኑን ሙሉ «እራበኝ» ነው። የታሸገ ብስኩት ለመግዛት ገንዘቡ የለም። ያኔ ነው የቀረን ሀብት ምን እንደሆነ ያየነው። በጆንያው ግርጌ ዱቄት ነበረን፤ በእጃችን ደግሞ የአራት አገር መጥበሻ። ጠዋት ማንዳዚ፣ ከሰዓት ቻፓቲ፣ እሁድ ድፎ ዳቦ። ኮባ ቅጠል ባልተገኘበት በሙዝ ቅጠል ጠቀለልን። ትልልቆቹ ልጆች ማሸት ተማሩ። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ፣ ከዚያ በፊት ማጀት ገብቶ የማያውቅ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ዛሬ ከእናቱ የተሻለ ቻፓቲ ይዳምጣል።

በሁለተኛው ወር አንድ የጭነት ሾፌር ትንሽ ፌስታል አደረሰልን። ከማማ የተላከ ነው። ውስጡ ሄል አለ፤ ከሄሉ ጋር ዕቃችን እንዳለ መቀመጡን፣ ያስቸኮላትን ገዢ እንኳ እምቢ እንዳለች የሚገልጽ በስዋሂሊ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት። በእጃችን የገባ የመጀመሪያው የጽሑፍ ውል ያ ወረቀት ነው። እኛም በዚያው ሾፌር ዳቦ ቆሎ ላክንላት፤ ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን በስኳር።

በኅዳር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የሞያሌው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመረቀ። እኛም ስንሻገር ዕቃችንን ቆጥረን ተረከብን፤ አንድ አልጎደለም።

ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የስንዴ ዋጋ በየገበያው ዘለለ፤ ስንዴዋን በአብዛኛው ከሩሲያና ከዩክሬን ታስገባ የነበረችው ሶማሊያ ደግሞ ክፉኛ ተጎዳች። የቡር ነጋዴ እህቶቻችን ዋጋ መጨመር ቢያፍሩ ቡሩን አሳነሱት። ያ ማነስ በማንም ሪፖርት ላይ አይታይም። ገዢው ግን በእጁ ይዞ ያውቀዋል፤ ሻጯም ዓይኑን እንዳታይ ዞር ትላለች።

ቤት ለሚሠራው

ልጆች ያሏችሁ ሊጡን እንዲህ አድርጉት። 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ብርጭቆ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል፣ ቁንጥር ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ለብ ባለ ግማሽ ሊትር የኮኮናት ወተት እሹት፤ ካነሰ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ሸፍናችሁ አንድ ሰዓት ያህል፣ እጥፍ እስኪሆን አቆዩት። ዳምጡት፣ ቁረጡት፣ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ጥበሱት። ዘይቱ ከፈላ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እንቁላልና የላም ወተት ስለሌለው ለጾምም ይሆናል። መሐሉን በብርጭቆ አፍ ብትበሱት ቦንቦሊኖ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ብትቆርጡት ማንዳዚ ነው፤ ጎረቤታችሁ ሶማሌ ከሆነች ቀምሳ ስሙን ትነግራችኋለች።

የልጆቻችንን ጥያቄ አሁን መመለስ እንችላለን። ማንዳዚ የማን ነው? መጀመሪያ የጠበሱት የባሕር ዳርቻ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ከልባችን እናመሰግናለን። አሁን ግን የሚያሸውም፣ ለጎረቤት የሚልከውም ሰው ባለቤቱ ነው። የምንሰጋው ሌላ ነገር ነው። እኛ ማለዳ ወጥተን ማታ ስለምንገባ፣ ልጆቻችን መክሰስ ማለት ከሱቅ የሚገዛ ፌስታል እየመሰላቸው ነው። እናቶቻችን ደግሞ ልኩን በእፍኝና በጣሳ ነው የሚያውቁት፤ እጃቸው ሲሄድ ልኩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ እኛ አንድ ደብተር ይዘናል። በግራ ገጽ የዕለቱ ገቢና ወጪ፣ በቀኝ ገጽ የአንዲት እናት አሠራር፤ እፍኟን በሚዛን ለክተን፣ ከማን እንደተማረችው ጠይቀን።

በጋላፊ፣ በመተማ፣ በቶጎ ውጫሌ የምትሻገሩ እህቶች፣ በእናንተ ኬላ ጠዋት ምን ይሸታል? እናንተም ጻፉት። ማማ ቀጠሯችን ሐሙስ ነው፤ ሄል እሷ ይዛ ትመጣለች፣ ዱቄቱ ከእኛ ነው።