ግዳይ ቆጠራ በጎንደር ሰማይ፦ የዓለም ጦርነት ታላቅ ተዋጊ አብራሪ ማን ነው?

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታላቁ ተዋጊ አብራሪ ማን ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ ስሞቹ የሚመጡት ከአውሮፓና ከፓስፊክ ነው። ጀርመናዊው ኤሪክ ሃርትማን 352 አውሮፕላን ጥሎ የዓለሙን ሰንጠረዥ ይመራል። ከሶቪየት ኅብረት ኢቫን ኮዤዱብ በ62፣ ከአሜሪካ ሪቻርድ ቦንግ በ40 የየአገራቸው ቀዳሚዎች ናቸው። የበጌምድርና የስሜን ሰማይ በዚህ ክርክር ውስጥ አይጠቀስም። ሆኖም የምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የመጨረሻ የአየር ላይ ፍልሚያ የተደረገው ከጎንደር በስተሰሜን ነው። የጣልያን ተዋጊ አውሮፕላን ለመጨረሻ ጊዜ በረራ ወጥቶ የተኮሰውም ከጣራ ገዳም በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ በሚዘጋው በቁልቋል በር ላይ ነው።

እነዚህ ሁለት በረራዎች ለክርክሩ ያላቸው ዋጋ ለእኛ ካላቸው ቅርበት አይመነጭም። የመጀመሪያው የተጣሉ አውሮፕላኖች ቁጥር ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩ ቢታመን እንኳ ምን ያህል ነገር ከሚዛኑ ውጭ እንደሚቀር ያሳያሉ። ታላቅነትን በቆጠራ ብቻ የሚለካ ሰው ሁለቱንም በጥንቃቄ ሊመለከት ይገባዋል።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም.

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡና የጣልያን ዋና ጦር በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ እጁን ከሰጠ በኋላም ጣልያናዊው ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናዚ ጎንደርን ይዞ ቆየ። የደብረ ታቦር ምሽግ ክረምቱ ሲገባ እጁን ሰጠ። ወልቀፊት በመስከረም ተከተለ። ጥቅምት ሲመጣ ለጄኔራሉ የቀሩት ጎንደር ራሷና በዙሪያዋ ያሉት በሮች ነበሩ። አየር ኃይሉም ተመናምኖ በጣት የሚቆጠሩ ፊያት ሲ.አር. 42 ተዋጊዎች ብቻ ቀርተውት ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የተባለ አብራሪ በአንዱ ፊያት ተነሥቶ በዳባትና በአዲ አርቃይ የሚገኙትን የእንግሊዝ ወገን ማረፊያዎች ሊመታ ሄደ። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲዬተር ተዋጊ አውሮፕላኖች ገጠሙት፤ ተመትቶ ወደቀና ሞተ። እስከዚህ ድረስ የሁሉም ወገን ቃል ይስማማል።

ከዚህ በኋላ ግን ይለያያል። ማላቮልቲ ከሞተ በኋላ የተሰጠው የጣልያን የወርቅ ሜዳይ የምስክር ጽሑፍ አንድ ግላዲዬተር ጥሎ ሌላውን በግዴታ እንዲያርፍ እንዳደረገ ይናገራል። ጣልያናዊው ጸሐፊ ኒኮ ስጋርላቶ ሁለት ጣለ ይላል። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሾርስ አንድ ጣለ ይላል። ስዊድናዊው ሆካን ጉስታቭሶን ደግሞ ከዳባት ማረፊያ የተነሣው ሌተናንት ላንስሎት ሆፕ ማላቮልቲን እንዴት እንደጣለ በዝርዝር ይተርካል፦ በ300 ያርድ ርቀት መተኮስ ጀመረ፤ ፊያቱ እየተጠማዘዘ ሲሸሽ እስከ 20 ያርድ ተጠግቶ አቃጠለው። የዚያ አካባቢ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ክፍሎች የዕለት መዝገብ በበኩሉ በዚያ ቀን ምንም አውሮፕላን እንዳልጠፋ ያሳያል።

አንድ ሰዓት በማይሞላ ፍልሚያ ላይ ይህን ያህል ልዩነት ተፈጥሯል። እኔ የምቀበለው የዕለት መዝገቡን ነው። ምክንያቱም ክፍሉ አውሮፕላን ቢጠፋበት ምትክ መጠየቅ፣ አብራሪ ቢሞትበት ለቤተሰቡ መጻፍ ነበረበት፤ ኪሳራን መደበቅ ድልን ከማጋነን እጅግ የከበደ ነው። የሜዳይ ጽሑፍ ግን የሚዘጋጀው ሟቹን ለማክበር ነው። ስለዚህ ማላቮልቲ በዚያ ቀን የጣለው አውሮፕላን አልነበረም ብዬ እደመድማለሁ።

ይህ ድምዳሜ ጀግንነቱን አይቀንሰውም። በማግስቱ ሆፕ በጣልያኖች ምሽግ ላይ በርሮ የፊያቱ አብራሪ ደፋር ሰው እንደነበረ የሚመሰክር ማስታወሻ ጣለላቸው። ገዳዩ ለሟቹ የሰጠው ይህ ምስክርነት ለእኔ በሜዳዩ ላይ ከተጻፉት ሁለት አውሮፕላኖች ይበልጥብኛል።

ምስክር የሌለው ፉከራ

በአገራችን የጦር ባህል ግዳይ መቁጠር እንግዳ ነገር አይደለም። ዘማቹ ሲመለስ በአለቃው ፊት ፎክሮ ግዳዩን ይጥል ነበር። ፉከራው የሚሰማው ግን አብረውት በተሰለፉ ሰዎች ፊት ስለሆነ ያልገደለውን ገደልሁ ያለ እዚያው መልሱን ያገኝ ነበር። በሰማይ ላይ ይህ ምስክር ይጎድላል። ሁለት አብራሪዎች በአንድ አውሮፕላን ላይ ተኩሰው ሁለቱም ጣልን ይላሉ። ጭስ እየተፋ ወደ ታች የወረደ አውሮፕላን ወድቋል ተብሎ ይመዘገባል፤ አብራሪው ግን ከመሬት ሳይደርስ አቅንቶ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ሰው ዋሽቶ አይደለም፤ በሰከንዶች ውስጥ ያየውን ነው የሚናገረው።

ሰሜኑ ደጋ ችግሩን ያባብሰዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ትቆማለች፤ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ክንፉም የሚሸከመው ያንሳል። ከሥር ደግሞ ገደልና ሸለቆ አለ፤ የወደቀውን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ድርብ ክንፍ ያላቸው አውሮፕላኖች በሌላ ግንባር ጊዜ ባለፈባቸው ወቅት እዚህ ከክብራቸው ጋር የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ከፍታ ነው፤ ሰፊ ክንፋቸው በስስ አየር ላይ ጠበቅ አድርገው እንዲታጠፉ ይረዳቸዋል። ከእነዚህ ባለድርብ ክንፎች ፊያቱ በሰዓት ወደ 440 ኪሎ ሜትር፣ ግላዲዬተሩ ወደ 410 ኪሎ ሜትር ይበርሩ ነበር። ፊያቱ ሁለት ከባድ መትረየስ፣ ግላዲዬተሩ አራት ቀላል መትረየስ ይዘው ሲገጥሙ ልዩነቱን የሚወስነው በአብዛኛው አብራሪው ነበር።

ቪዚንቲኒ፣ ፍሮስት፣ ከርሾው፣ ሞቴት

በዚህ ግንባር ከፍተኛውን ቁጥር የያዘው ማሪዮ ቪዚንቲኒ ነው። በስፔን ጦርነት ተሰልፎ ልምድ ያካበተው ይህ ጣልያናዊ ኤርትራ ላይ በሰፈረው 412ኛ ጓድ ውስጥ ሲዋጋ 16 ወይም 17 አውሮፕላን ጣለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለድርብ ክንፍ አብራሪዎች በቀዳሚነት ከሚጠሩት አንዱ ነው። የመጀመሪያውን ግዳይ የጣለው ጣልያን ወደ ጦርነቱ በገባች በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 7 ቀን 1932 ዓ.ም. ምጽዋ አጠገብ ነበር። የካቲት 4 ቀን 1933 ዓ.ም. በመጥፎ አየር የጠፉ ጓደኞቹን ሊፈልግ ወጥቶ ነፋሲት አቅራቢያ ከተራራ ተጋጭቶ ሞተ። በጥይት ማንም አልጣለውም። ደመናና ተራራ ናቸው የገደሉት፤ ለጓደኞቹ ሲል መውጣቱም ለእኔ ከቁጥሩ ጋር መጻፍ አለበት።

ከተቃራኒው ወገን የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ቀዳሚ የሆነው ጃክ ፍሮስት 14 ወይም 15 ጥሏል። መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የድሬዳዋን ማረፊያ ሲመታ ሃሪኬን አውሮፕላኑ ከመሬት ተመትቶ በጣልያኖች እጅ ባለ ሜዳ ላይ አረፈ። ሌተናንት ከርሾው ጓደኛውን ትቶ መሄድ አልፈለገም። ተኩስ እየዘነበ አጠገቡ አረፈ፤ ፍሮስት ዘሎ ገባ፤ ለአንድ ሰው በተሠራ መቀመጫ ላይ ሁለት ሆነው መሪውንና መሣሪያዎቹን ተከፋፍለው አስነሡት። ድሬዳዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጻ ወጣች። ፍሮስት በሰኔ 1934 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ ቢር ሐኬም አካባቢ ጠፍቶ ቀረ፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ከርሾው በዚያ ቀን ያደረገው ነገር በግዳይ ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ነው።

ዜሮ የሆነ ሌላም አለ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የእንግሊዝ፣ የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ አርበኞች ጦር ቁልቋል በርን ሲያጠቃ የመጨረሻውን ፊያት ያበረረው ሳጅን ጁዜፔ ሞቴት ነበር። በአንድ የመትረየስ ተኩስ የእንግሊዝ መድፈኛ አዛዥ የነበረውን ሌተና ኮሎኔል ኦርምስቢን ገደለ። ተመልሶ አረፈ፤ አውሮፕላኑን በገዛ እጁ አቃጥሎ ከእግረኛው ጋር ተሰለፈ። ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን፣ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን ወደቁ። ሞቴት በዚያ በረራ አንድም አውሮፕላን አልጣለም፤ ሆኖም የማላቮልቲን የመሰለ ፍልሚያ ካደረሰው ጉዳት በላይ አድርሷል። አውሮፕላን ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ለዚህ ቦታ የለውም።

ተፎካካሪ ያልነበራቸው

የጣልያን አየር ኃይል በ1928 ዓ.ም. ዘመቻ በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፎ ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ ሲያወርድ ኢትዮጵያ የነበራት ወደ አሥራ ሁለት የሚሆን አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ለአየር ላይ ውጊያ የሚሆንም አልነበራትም። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰንም አነስተኛውን አየር ኃይል መርቷል። ሥራቸው መልእክት ማድረስና ሰው ማጓጓዝ ነበር። ከላይ ሆነው እግረኛና ከብት የጨፈጨፉ የጣልያን አብራሪዎች ሜዳይ ተሰጥቷቸዋል። መልሶ የሚተኩስ በሌለበት ሰማይ ላይ ግን ታላቅ ተዋጊ ሊወለድ አይችልም። ቪዚንቲኒንም ስናደንቅ የሚያገለግለው መንግሥት ማን እንደነበረ መርሳት የለብንም፤ ችሎታው የራሱ ነው፤ ዓላማው የወራሪ ነው።

የኢትዮጵያውያን የራሳቸው ክርክር የሚጀምረው ከዓለም ጦርነቱ በኋላ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ነው። የሶማሊያ ጦር በሚግ-21 እና በሚግ-17 ሲመጣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የገጠመው በቁጥር ባነሱ ኤፍ-5 ተዋጊዎች ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሰማዩ የበላይነት በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ለገሰ ተፈራ፣ በዛብህ ጴጥሮስ፣ ባጫ ሁንዴ፣ አሸናፊ ገብረ ጻድቅ የሚሉት ስሞች ከዚያ ወቅት ቀርተዋል። ለገሰ አምስትና ከዚያ በላይ አውሮፕላን እንደጣለ ይነገርለታል፤ ቁጥሩ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። ተመትቶ በፓራሹት ከወረደ በኋላ በሶማሊያ እስር 11 ዓመት ቆይቶ በ1980 ዓ.ም. ተመለሰ፤ የአገሪቱ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይም ተሰጠው። በዛብህ በ1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ተመትቶ ምርኮኛ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣው በይፋ አልተነገረም።

እዚህም ከጎንደሩ የተማርነውን መጠቀም አለብን። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ፈርሷልና የኢትዮጵያውያኑን ቆጠራ ከተሸናፊው መዝገብ ጋር ማመሳከር አዳጋች ነው። ስለዚህ ለገሰ አምስት ጣለ ወይስ ስድስት የሚለው ሙግት ብዙ አያዋጣም። ይልቅ የሚያከራክር አይመስለኝም የምለው ይህ ነው፦ ቁጥሩ የሚበልጥና ፈጣን አውሮፕላን የያዘ ጠላት ገጥመው አሸነፉ፤ ከሥራቸውም የሚከላከሉት የገዛ አገራቸው መሬት ነበር። ድሉ በመሬት ላይ ራዳር ያነቡና ይመሩ የነበሩት ሰዎችም፣ አውሮፕላኑን ሌት ተቀን ለበረራ ያዘጋጁት መካኒኮችም ነው።

ሚዛኔ ሦስት ጥያቄ አለው፦ ጠላቱ መልሶ መተኮስ ይችል ነበር? የተሸናፊው መዝገብ ይመሰክራል? በረራው ከሥር ላለው ሕዝብ ምን ለወጠ? በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ በውጊያ ችሎታ ቪዚንቲኒን የሚስተካከል የለም፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ይወድቃል። ሆፕ በሁለተኛው ጥያቄ ከማንም ይበልጣል፤ አንድ ጣልሁ አለ፤ ስብርባሪው ተገኘ፤ ተሸናፊውም አመነ። የ1969ኞቹ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያውና በሦስተኛው ያልፋሉ፤ ሁለተኛው ገና ሥራ ይጠይቃል። ለዓለም ጦርነቱ አንድ ስም ምረጥ ብባል፣ ከሰንጠረዡ ራስ ላይ ካለው ከሃርትማን ይልቅ ድሬዳዋ ላይ ያረፈውን ከርሾውን እመርጣለሁ።

በቁልቋል በር፣ በአዲስ ዘመንና በደብረ ታቦር ዙሪያ የ1934 ዓ.ም. ኅዳር ሲያልፍ ልጆች የነበሩ ሰዎች ዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው። ሰማዩን ያዩት እነሱ ናቸው፤ በአብራሪዎቹ ክርክር ውስጥ ግን ቃላቸው አይሰማም። የደብረ ታቦርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን ልከው ይህን ቃል ያስመዝግቡ፤ በሕይወት ያሉትን የኦጋዴን አብራሪዎች፣ መካኒኮችና የራዳር ሠራተኞችም አብረው ይጠይቁ። ለዚህ ሥራ የቀረው ጊዜ አጭር ነውና ዘንድሮ ይጀመር።