ምድጃ፣ መደብና ጋጣ፦ የመንዝ ደጋ ቤት አሟሟቅ አጭር ታሪክ



ስለ መንዝ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ፣ በርስት ክርክርና በጦርነት ውሎ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚህ ያነሰ የሚመስል ጥያቄ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርና ከዚያም ከፍ በሚል አገር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ መሬቱን በሚያነጣበት ወራት፣ ሰው ሌሊቱን እንዴት ሞቆት ያድር ነበር? ጥያቄው ስለ ቤት ቢመስልም መልሱ ስለ ሣር፣ ስለ ከብት፣ ስለ ማገዶና ስለ ሴቶች ድካም ነው።

ለንጽጽር ያህል ከሌላው ዓለም ልጀምር። ሮማውያን የመታጠቢያ ቤቶቻቸውን ወለል በአጫጭር የሸክላ ምሰሶዎች ላይ አንሥተው የእሳቱ ትኩስ አየር በሥሩ እንዲያልፍ ያደርጉ ነበር። የኮሪያ ሰዎች ኦንዶል በሚሉት ሥርዓት የወጥ ቤቱን ጭስ በመኝታ ክፍሉ ወለል ሥር ያሳልፋሉ፤ በሰሜን ቻይና ደግሞ ካንግ የተባለው የጭቃና የጡብ መደብ ውስጡ ክፍት ሆኖ ጭስ ይመላለስበታል። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1937 እ.ኤ.አ. በማዲሰን ከተማ በተጠናቀቀው የጄኮብስ ቤት ይህንኑ አሳብ በቧንቧ ሠራበት። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፤ የሞቀ ወለል ወይም መደብ ሙቀቱን በቀጥታ ለሰውነት ስለሚሰጥ የቤቱ አየር ቀዝቀዝ ቢል እንኳ ሰው አይበርደውም።

በእኛም አገር በጎንደር የፋሲል ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ይገኛል። ያ ግን ለቤተ መንግሥት የተሠራ መታጠቢያ እንጂ የገበሬ ማደሪያ አይደለም። የገበሬውን ጥበብ ለማየት ወደ መንዝ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

የቆየው የመንዝ ቤት ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ድንጋዩ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቀስ በቀስ ሲለቅ፣ ሣሩ በውስጡ በያዘው አየር ሙቀቱ ወደ ላይ እንዳያመልጥ ያግዳል። በመካከል ምድጃ አለ። ማታ እሳቱ አይጠፋም፤ በዐመድ ይዳፈናል። የኩበት ፍም በዐመድ ሥር ሲብላላ ያድራል፤ ረመጡም በዙሪያው ያለውን መሬት ያሞቃል። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራው መደብ መቀመጫም መኝታም ነው። በአንድ ወገን ጋጣው አለ። አንድ ጎልማሳ ከብት ተኝቶ እያመሰኳ እንኳ የሚያወጣው ሙቀት በመቶዎች በሚቆጠር ዋት ይለካል፤ ስለዚህ ጥንድ በሬና አንዲት ላም ያለ ማገዶ ሌሊቱን ሁሉ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ከብቶች ሕፃኑን ጌታ በትንፋሻቸው አሟቁት የሚለውን ትረካ የሚሰማ የደጋ ገበሬ ነገሩን ከራሱ ቤት ያውቀዋል። የቀረውን የሚሸፍነው የበግ ጠጕር ነው፤ ባናና ዝተት የቤቱ ሙቀት ያልደረሰበትን ይሞላሉ። መርሐቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ሲሄድ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይላላል፤ በጓሳ ዙሪያ ባለው ደጋ ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መደቡ ከካንግ ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል፤ የሚጎድለው ውስጡ ክፍት ሆኖ ጭስ ማሳለፉ ብቻ ነው። ታዲያ የመንዝ ሰው ጭሱን በመደብ ሥር አሳልፎ በጭስ ማውጫ ለምን አላስወጣውም? በእኔ አስተያየት ጭሱ በቤቱ ውስጥ ሌላ ሥራ ስለነበረው ነው። ጭስ በሣር ክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ጥላሸቱ ሣሩን ከነቀዝና ከብስባሴ ይጠብቃል። ጭሱን ከቤት ማስወጣት ክዳኑን ማሳጠር ነበር።

ክዳኑ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የጓሳ ሣር ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው የጓሳ ምድር በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሥርዓቱ የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስት የያዙት ሲሆን መነሻው ወደ 17ኛው ምዕተ ዓመት ይመለሳል። በምርጫ የሚሾም አባ ቄራ ቦታውን ያስጠብቃል፤ ምድሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለአጨዳና ለግጦሽ በስምምነት ይከፈታል። ዘላለም ተፈራ አሸናፊ በ2001 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀ የዶክትሬት ጥናቱ ይህንን ሥርዓት በዝርዝር መርምሮታል። ስለዚህ የአንድ ቤት ሙቀት የግል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በጋራ ሕግ ላይ የቆመ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ መሠረቱን አጣ።

ይሁን እንጂ የድሮውን ቤት ማወደስ የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም። ጭሱ ክዳኑን ሲጠብቅ የእናቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ ይጎዳ ነበር። ኩበት ለቅማ፣ ጠፍጥፋ፣ አድርቃ የምትከምረው ሴት ናት፤ በምድጃ የሚነደውም ለእርሻው ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ነው። ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር ማደራቸውም በሽታን ያመጣል። በመሆኑም በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከብቶች ከሰው መኖሪያ እንዲለዩ ማስተማሩ ትክክል ነበር።

ሆኖም ለውጡን በሙቀት ሂሳብ እንየው። ከብቱ ወደ ውጭ በረት ሲወጣ አንድ የሙቀት ምንጭ ወጣ። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ሙቀቱን የሚያግደው ክዳን ሄደ። ቆርቆሮ ዝናብን ይከላከላል፤ ውርጭን ግን አያግድም። እያንዳንዱ እርምጃ በየራሱ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን የወጣውን ሙቀት በምን እንተካ ብሎ አብሮ የጠየቀ አልነበረም። ጉድለቱ የሚሞላው በተጨማሪ ኩበት ነው፤ ያም በእናቲቱ ጀርባና በእርሻው አፈር ላይ ይቆጠራል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጭሱን በቤት ውስጥ ያቆየው ምክንያት ከሣር ክዳን ጋር አልፏል፤ በቆርቆሮ ቤት ጭስ ጉዳት እንጂ ሥራ የለውም። ስለዚህ አያቶቻችን ያልወሰዱትን እርምጃ ለመውሰድ፣ ማለትም የሚታወቀውን መደብ ከውስጡ ክፍት አድርጎ ጭሱን በሥሩ ለማሳለፍና በጭስ ማውጫ ለማስወጣት፣ የታሪክ እንቅፋት የለም። ድንጋዩና ጭቃው በእጅ ነው፤ ግንበኛውም በመንደሩ ነው። ጭሱ በመገጣጠሚያ እንዳይሾልክ፣ ማገዶውም እንዳይበዛ መፈተን የምሕንድስና ባልደረቦቻችን ድርሻ ይሆናል። የታሪክ ድርሻ ደግሞ ቤት እርስ በርሱ የተያያዘ ሥርዓት መሆኑን፣ አንዱን ስናነሣ ሌላው እንደሚናጋ ማሳሰብ ነው።