የደም ዕርቅ በወገራ ደጋ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በኮሶዬ በኩል ሽቅብ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ፣ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር በሚበቅልበት ሰፊ ደጋ ላይ የተቀመጠችውን አምባ ጊዮርጊስን ያገኛል። ይህ አገር ወገራ ነው፤ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምጥዋ ተነሥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ የሚመጣ ነጋዴ፣ በ1762 ዓ.ም. ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ጭምር፣ ወደ ከተማይቱ የሚገባው በዚሁ ነበር። መንገድ ያለበት አገር ገበያና ወሬ ብቻ ሳይሆን ሠራዊትም አያጣውምና፣ የወገራ ሰው ማረሻውንና መሣሪያውን ሳይለያይ፣ ለርስቱና ለስሙ ሲል መሞትንም መግደልንም እንደ ጨዋ ልጅ ግዴታ ቆጥሮ ብዙ ዘመን ኖሯል። ስለ ክርስቲያናዊ ምሕረት ለመጻፍ ይህን አገር መምረጤም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በቀል ክብር በሆነበት ስፍራ ይቅርታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በግልጥ ይታያልና።

በዚህ ደጋ ሰው በሰው እጅ ሲሞት ሐዘኑ በተዝካር የሚያልቅ አልነበረም። ወገን የሌለው፣ ወይም ወገኑ የፈራበት ሟች ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ ይባል ነበርና፣ አልቃሽዋ በሙሾዋ ወንድሙን ትሸነቁጠዋለች፤ ፎካሪው በድግስና በዘመቻ መካከል የደም መላሹን ስም ያነሣል፤ ገና በእናቱ ጀርባ ላይ የነበረው ሕፃንም የአባቱን ገዳይ በስሙ እያወቀ ያድጋል። ገዳዩ ዱር ይገባል ወይም አገር ለቆ ይሰደዳል፤ ወንድሞቹ ግን ምንም ሳይበድሉ በማሳቸው ላይ ዘወር ዘወር እያሉ ያርሳሉ፤ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ገበያ መዋልና በአንድ ደብር ማስቀደስ ይሳናቸዋል። ደም ሳይደርቅ የቆየባቸው ቤቶች ርስታቸው ጠፍ ሆኖ፣ ልጆቻቸው በየዘመድ ቤት ተበትነው መቅረታቸው የተለመደ ነገር ነበር።

ካህኑ በዚህ ሕዝብ መካከል ቆሞ የሚያስተምረው ወንጌል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋራ ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ማለቱ በቂ መስሎት በጠየቀ ጊዜ ጌታ ቁጥሩን ሰባ ጊዜ ሰባት አድርጎ እንደ መለሰለት፣ እልፍ መክሊት የተተወለት ባሪያ ለባልንጀራው መቶ ዲናር መተው እምቢ ብሎ ምሕረቱን መልሶ እንዳጣ፣ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰውም ወንድሙ እንደ ተቀየመው ካሰበ መባውን ጥሎ አስቀድሞ መታረቅ እንደሚገባው፣ ማቴዎስ የጻፈውን የወገራ ገበሬ በየጊዜው ይሰማል። ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል ሕዝቡ የሰላምን ሰላምታ እርስ በርሱ እንዲሰጣጥ ሲያዝም፣ ቂም የያዘ ሰው አንገቱን ወደ ጎረቤቱ ማዘንበሉ ሐሰት መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ነገር ግን ማወቅና ማድረግ ተለያይተው የኖሩት በወገራ ብቻ አይደለም፤ ካህኑ ራሱ የዚያው አገር ልጅ ነውና፣ ዘመዱ የሞተበት ቄስ ልቡ ለሁለት ሲከፈል ማየት አዲስ አልነበረም።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ካህኑን ብዙ አይረዳውም ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ በቤተ ክርስቲያንም በቤተ መንግሥትም የተከበረ መጽሐፍ ቢሆንም፣ በአገሩ ልማድ ገዳዩ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገኖች ተላልፎ ይሰጥ ነበርና፣ መግደልም፣ የደም ዋጋ ተቀብሎ መማርም በእነርሱ እጅ ነበር። ይህን ልማድ ሊሽር የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ በደረስጌ ማርያም ከነገሠ ብዙም ሳይቆይ፣ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ጽሑፍ፣ አዲሱ ንጉሥ ነፍሰ ገዳይን ለሟች ዘመዶች መስጠትን አስቀርቶ ቅጣቱን በራሱ ሹማምንት እጅ እንዳደረገው እያመሰገነ ገልጿል።

የታሪክ ነገር ግን እንግዳ ነው። ይኸው ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ከጎንደር አጠገብ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች ተወግቶ ሞተ፤ ጋረድን ለመቅጣት በተደረገው ውጊያም የንጉሡ ወዳጅ እንግሊዛዊው ጆን ቤል ወደቀ። ያን ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የበቀልን ሥልጣን ከዘመድ እጅ ያወጣው ሰው፣ ራሱ እንደ ሟች ዘመድ ሆኖ ተገኘና፣ በዚሁ ደጋ በደባርቅ በኩል እጃቸውን የሰጡትን ምርኮኞች በብዛት አስፈጀ። ሕግ አውጪው ሕጉን ከሁሉ በፊት በራሱ ሐዘን ላይ ሊፈትነው ይገባ ነበር ብዬ ብፈርድ፣ የጨካኝነት ወሬውን ብቻ ከሚደጋግሙት ጋራ ተባበረ አልባልም።

ከሕጉ ውጭ ለገዳይ የተተወለት ሌላ በር ገዳምና ደብር ነበር። በጎንደር ከተማ እጨጌ ቤት የተባለው ሰፈር፣ ራስ ወይም ደጃዝማች እንኳ ገብቶ ሰው የማይይዝበት መማጠኛ እንደ ነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡት ፈረንጆች ሁሉ ይመሰክራሉ፤ በሁከት ጊዜም ባለጸጋው ገንዘቡን፣ የተሰደደው ነፍሱን ያኖርበት ነበር። ከወገራ በስተ ሰሜን፣ ከሊማሊሞ ወዲያ በቈላው ያለው ዋልድባ ደግሞ፣ እህል የማይቀመስበት፣ መነኮሳቱ ቋርፍ በሚባል ምግብ የሚኖሩበት ገዳም ስለ ሆነ፣ በእጁ ደም ያለበት ሰው ለዓለም ሞቶ ሊኖር ቢሻ ከዚያ የተሻለ ስፍራ አያገኝም። በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲዘርፍና አብያተ ክርስቲያናቷን ሲያቃጥል፣ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ዳግመኛ ሲያነዳት፣ የከተማይቱ መማጠኛ ክብር አብሮ ተጎዳ። መማጠኛ ግን፣ ቢጸናም ኖሮ፣ ገዳዩን ከሞት ያድነዋል እንጂ ከሟች ልጅ ጋራ አያስታርቀውም፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ሥራ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

የደም ዕርቅ ባንድ ቀን አይፈጸምም። ሬሳው ከተቀበረና የሐዘኑ ትኩሳት ጥቂት ከበረደ በኋላ፣ ከሁለቱም ወገን ያልተወለዱ፣ በእድሜና በእውነተኛነት የታወቁ ሽማግሌዎች፣ መስቀል ከያዘ ካህን ጋራ ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ይመለሳሉ፤ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ይመለሳሉ። ቶሎ እሺ ያለ ሐዘንተኛ ደሙን ሸጠ ይባላልና፣ ሽማግሌዎቹ እምቢታውን እንደ ስድብ አይቆጥሩትም፤ እንዲያውም ጥቂት እምቢ ካላለ ዕርቁ እንደማይጸና ያውቃሉ። ሲለምኑም ስለ ገዳዩ ብለህ አይሉም፤ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ ስለ ጊዮርጊስ ብለህ ይላሉ። የዚህ ልመና ጥበብ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጠላቱ ዝቅ ማለት ሞት ለሚመስለው ሰው ለሰማዕቱ ዝቅ ማለት ክብር ነውና፣ ወንድነቱ ሳይነካ ቂሙን የሚያስረክበው አንድ ሦስተኛ ወገን በመካከል ይቆምለታል፤ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጦር የያዘ ቅዱስ በመሆኑ፣ ጠመንጃ አንጋች ለሆነ ገበሬ እጅ ለመስጠት ከእርሱ የሚበልጥ ጌታ አይገኝም።

ሐዘንተኛው እሺ ካለ በኋላ ገዳዩ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ለሁለቱም ወገን ባልሆነ ሜዳ ላይ ይቀርባል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሟች ዘመዶች እግር ሥር ይወድቃል፤ እነርሱም ወዲያው አያነሡትም። ያን ጊዜ የሚሆነው ዝምታ፣ ልማዱ ለዘመድ ሰጥቶት የነበረውን የመግደል መብት ለጥቂት ደቂቃ መልሶ በእጃቸው የሚያደርግላቸው ይመስለኛል፤ ይቅርታቸው ከመቻል የተነሣ እንጂ ከመፍራት የተነሣ እንዳልሆነ ለሕዝቡ የሚታየው በዚህ ነው። ከዚያ ካህኑ በመስቀሉ ይባርካል፤ ቂም የሚያነሣውን ያወግዛል፤ ሁለቱ ወገኖች ይምላሉ፣ ዋስም ይጠራሉ፤ የታረደውንም አብረው ይበላሉ። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ቤቶች በጋብቻ ያስተሳስሯቸው ነበር፤ ለወደፊቱ ደም ለመድረቅ ብልኀት ቢሆንም፣ የወንዶችን ዕዳ የምትከፍለውን ልጅ ፈቃድ የጠየቀ ሽማግሌ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ይህን ክፍል ከልማዱ ምስጋና ውስጥ አልጨምረውም።

ስለ ደም ዋጋው የተጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ወንጌል በነጻ ተዉ እያለ ገንዘብ ወይም ከብት ተቀብሎ መተው እንዴት ይቅርታ ይባላል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም አባት የሞተባቸው ልጆች የሚያርስላቸው ሰው አጥተዋል፤ የገዳዩ ወገን የሚሰጠው በሬ የሟችን ዋጋ አይተካም፣ እርሻውን ግን ያሳርሳል። ቤተ ክርስቲያንም ካሳውን ከንስሐ ጋራ አላቀላቀለችውም፤ ካሳ የከፈለው ሰው ከንስሐ አባቱ የሚቀበለው ቀኖና፣ ጾሙና ስግደቱ፣ ለብቻው ይጠብቀዋልና። በሐዘን ላለው ቤት ድህነትን ጨምሮ ቅዱስ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰባኪ፣ ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ነው።

የካቲት 16 ቀን በየዓመቱ የሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ለዚህ ሕዝብ ልብ የሚቀርብበት ምክንያትም ከዚሁ የደም ነገር የራቀ አይደለም። በዚያ በዓል የሚነገረው የበላኤ ሰብ ታሪክ፣ 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ እንደ ዳነ የሚተርክ ሲሆን፣ ለሊቅ ብዙ የሚያከራክር፣ ለነፍሰ ገዳይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው። ብልህ መምህር ታሪኩን የግድያ ፈቃድ አድርጎ እንዳይሰሙት ይጠነቀቃል፤ ሰሚው ሕዝብም ቢሆን ሚዛኑን የሚያደላድለው ሌላ እንጂ ገዳዩ ራሱ አለመሆኑን አይስተውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የይቅርታ ፈተና የመጣው ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ፣ ሕዝቡ በእጁ የወደቀውን ኢጣሊያዊ እንዳይበቀል አዘዙ። በሰሜን ጎንደር ግን ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር፤ የወልቅፊት ምሽግ በመስከረም፣ ኢጣሊያዊው ጄኔራል ናሲ የሚያዝበት የጎንደር ጦር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጅ እስኪሰጡ ድረስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የወገራ መንገድ የጦር አውድማ ነበር። ድል የተመታውን ባዕድ መማር ለአርበኛው ከባድ ቢሆንም ያልፋል፤ ኢጣሊያዊው ተሳፍሮ ወደ አገሩ ይሄዳልና። በባንዳነት አድሮ ወንድሙን የወጋው ጎረቤት ግን የትም አይሄድም፤ ማሳው ከአርበኛው ማሳ ጋራ እንደ ተዋሰነ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ቂም የንጉሥ ዐዋጅ ብቻውን አይበቃውም፤ ያው መስቀል የያዘ ካህንና ያው ተመላላሽ ሽማግሌ ያስፈልጉታል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነፍስ ግድያን ፈጽሞ የመንግሥት ጉዳይ አደረገው፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ዕርቅ አንቀጾች ቢያሰናዳም ያ ለንብረትና ለውል ክርክር ነው። ሕጉ በዚህ ትክክል ነው፤ የሰው ሕይወት በሁለት ቤቶች ስምምነት ብቻ የሚዘጋ ሒሳብ መሆን አይገባውም። ዳኛው ግን ለገዳዩ የሚወስንለት የእስራት ዘመን ነው፤ ከሟች ልጅ ጋራ አያስታርቀውም። ስለዚህ በዚህ ደጋ፣ እስረኛው ዘመኑን ጨርሶ የሚፈታበት ወር ሲቃረብ፣ ዘመዶቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ወደ ሟች ቤት የሚልኳቸውን ሽማግሌዎች ነው፤ ዕርቁ ካልተፈጸመም በጎንደር ወይም በሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ያስጠጉታል እንጂ ወደ ቀየው አያመጡትም።