ወንጀለኛ የተባለው ዘበኛ፦ ከላቦራቶሪ እስከ ወርቃ

እ.ኤ.አ. በ1979 የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ኋላ ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን አገኙ። በካንሰር ህዋሳት ውስጥ በብዛት ስለተከማቸ ጥፋተኛው እሱ ነው ተባለ። ፍርዱ የተገለበጠው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1989 ነው። ቀድሞ ሲጠና የቆየው የተበላሸው ቅጂ ነበር፤ ጤነኛው ፒ53 ዕጢን የሚገታ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ።

ቆዳን፣ አፍንና የማኅፀን በርን የሚሸፍነው የህዋሳት ንጣፍ፣ ኤፒተሊየም፣ ያረጀውን እየጣለ በአዲስ ይተካል። ህዋሳቱ መባዛት አለባቸው፤ ግን በልክ። ልኩን ከሚጠብቁት መካከል ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ይገኛሉ፤ ዲኤንኤ ላይ አርፈው የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ ብለው ያዛሉ። የፒ53 ወንድም ፒ63 ንጣፉን የሚተኩትን ህዋሳት ያቆያል፤ በ1999 እንደታየው፣ ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች የተሟላ ቆዳ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ፒ53 ደግሞ ዲኤንኤው የተጎዳ ህዋስ እንዳይባዛ ያስቆመዋል፤ ካልተጠገነም እንዲሞት ያደርገዋል።

የማኅፀን በር ካንሰር የሚጀምረው ይህ ዘበኛ ሲወገድ ነው። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ1983 እና በ1984 ኤች.ፒ.ቪ 16 እና 18 የተባሉትን ቫይረሶች በዚህ ካንሰር ውስጥ አገኘ፤ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። በ1990 ደግሞ ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ፒ53ን ለህዋሱ ማፍረሻ አሳልፎ እንደሚሰጥ ታወቀ። በአብዛኛው የማኅፀን በር ካንሰር የፒ53 ጂን ራሱ ደህና ነው። ዘበኛው በየጊዜው ይሠራል፣ ወዲያው ይፈርሳል። ስለዚህ ቫይረሱን አስቀድሞ መከላከል ዘበኛውን ማዳን ነው።

የመጀመሪያው ክትባት በአሜሪካ የጸደቀው በ2006 ነው። ኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት የጀመረችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ጌዴኦ ያን ጊዜ ሌላ መከራ ላይ ነበረች። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር፤ ገደብና አካባቢው በተፈናቃይ ተጨናንቀው ነበር። ትምህርት ቤት መጠለያ በሆነበት ወቅት ክትባት በትምህርት ቤት ማዳረስ ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው።

በዚያ ዓመት 14 ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ዛሬ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ዘመቻው እነሱን አይመለከትም። ለእነሱ የቀረው ምርመራ ነው። የማኅፀን በር በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን በሚያኮመጥጠው አሲድ፣ ይቀባል፤ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቅድመ ካንሰር ካለ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት እዚያው ይወገዳል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም አዋላጅ ይበቃል። ብሔራዊ መመሪያውም ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ ያዛል።

አማራጩ ምን እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወርቃ ደግሞ ከዲላም አልፎ ይገኛል። የወርቃ ቡና ውቅያኖስ ተሻግሮ ይሸጣል። ቡናውን የምትለቅመው እናት ግን ኮምጣጤ ለሚመስል ፈሳሽ ወረፋ ለመያዝ ስንት ሰዓት ትሄዳለች? የዞኑ የጤና ዕቅድ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ ምርመራው በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በሳምንት በየትኛው ቀን ይሰጣል?